በለቅሶ ቀን የተዘጋ በር

ጌታው በየማለዳው መጀመሪያ የሚሠሩት ሥራ ውሃ መለካት ነበር። ከቤቱ ጓሮ፣ ጉብታው አልቆ ሜዳው ከሚጀምርበት ላይ፣ በቢላ ጥርስ ጥርስ ያወጡለትን የባሕር ዛፍ እንጨት ተክለዋል። ክረምት ሲገባ ውሃው ከስንተኛው ጥርስ እንደ ደረሰ አይተው ይመለሳሉ፤ ቦት ጫማቸውን ደጃፍ ላይ ያራግፋሉ፤ ለባለቤታቸው በአገራቸው ቋንቋ አንድ ቃል ይናገራሉ። ባለቤታቸውም ከውስጥ ሆነው አንድ ቃል ይመልሳሉ። የመጀመሪያው ቃል ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው “ፈልቷል” ማለት ነው፤ ሻዩን ነው። እኔ አብሬያቸው በነበርኩበት ጊዜ ይህ ንግግር ሲለወጥ ሰምቼ አላውቅም።

አገሩ እሳቸውን “ጌታው”፣ ባለቤታቸውን “እሜቴ” ይላቸው ነበር፤ እኔም እዚህ እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። ሁለቱም ስድሳን ያለፉ ነበሩ። ልጆቻቸውን ድረው፣ ከሥራ ዐርፈው፣ ሌላው ሰው የልጅ ልጁን አቅፎ እሳት በሚሞቅበት ዕድሜ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ከባሕር ማዶ ልካቸው ወደ ፎገራ መጡ። ይህ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። እሜቴ አገራቸው ሳሉ ነርስ ነበሩ፤ ጌታው አስተማሪ። መንግሥት የፈቀደላቸው እንዲያክሙ ብቻ ነው፤ በእኛ በኩል መስበክ ክልክል ነበር። ስለዚህ እሑድ እሑድ መስኮቱን ዘግተው ለሁለት ይዘምሩ ነበር። የጌታው ድምፅ ወፍራም ሆኖ ዜማውን ይስታል፤ የእሜቴ ቀጭንና የተስተካከለ ነው። ከቅዳሴ ስመለስ በዚያ እያለፍኩ እሰማቸዋለሁ።

እኔ አስተርጓሚያቸው ነበርኩ። ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ከደገምኩ በኋላ ሌላ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ቋንቋቸውን የተማርኩት ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ገጾቹ ከተቀደዱበት አንድ መዝገበ ቃላት ነው። ያን መጽሐፍ ጎንደር የሚኖረው አጎቴ በስኳር መጠቅለያነት ሊያልቅ ሲል አትርፎ ሰጠኝ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የምናገረው ሁሉ ደረቅ ነበር። እሜቴ “አንተ ስትናገር የሞተ ንጉሥ የተናገረ ይመስለኛል” እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ቤቱ ከቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ውሃ ከማይደርስባት ጉብታ ላይ የቆመ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው። በአንደኛው ክፍል ይተኛሉ፣ በሁለተኛው ያክማሉ። ዓይኑን ያመመው፣ እግሩን መጥረቢያ ስቶ የመታው፣ ንዳድ የሚያንቀጠቅጠው ከንጋት ጀምሮ በአጥሩ ሥር ይደረደራል። እሜቴ ቁስል ያጥባሉ። ጌታው መርፌ ይቀቅላሉ፣ ፋሻ አጥበው ገመድ ላይ ያሰጣሉ፣ ተራ ያስይዛሉ። በተራ ላይ ጥብቅ ናቸው። አንድ ጊዜ አንድ ባላባት በበቅሎ መጥተው ቀድመው ሊገቡ ሲሉ፣ “እርስዎ ከዚያች አሮጊት ኋላ ነዎት” ብለው አስቀምጠዋቸዋል። አሮጊቷ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ይህን ስትናገር ከረመች።

ከምሳ በኋላ አንዳቸው ያነባሉ፣ አንዳቸው ይሰማሉ። ጌታው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር ሲፈልጉ፣ እሜቴ ዝም ብለው ያዩአቸዋል፤ እስኪያገኙት አይነግሯቸውም። ሰው ለሰው እንዲህ ሲኖር ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጌታው አንዴ ሕግ ነው የተባሉትን ነገር አይረሱም፤ አያጣምሙም፤ ለምን ብለውም አይጠይቁም። ጉዳቱ የመጣው ከዚህ ነው።

በመጡ በመጀመሪያው በጋ አንድ ጎረቤታችን ሞተ። ጌታው ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ እሜቴ ራሳቸውን በሻሽ አስረው፣ አስከሬኑን ተከትለው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሄዱ። በሩ ላይ አንድ ቄስ ቀረብ ብለው፣ እጅ እየነሡ፣ “ጌታው፣ ከዚህ ወዲያ በእኛ ጥምቀት ያልተጠመቀ አይገባም፤ አይቀየሙን” አሏቸው። እኔ ተረጎምኩ። ጌታው ኮፍያቸውን አንሥተው አመሰገኑና የእሜቴን ክንድ ይዘው ተመለሱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሞት ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ጌታው ሕክምናውን ያቆማሉ፤ በሩን ይዘጋሉ፤ መስኮቱን ይዘጋሉ፤ ሬሳው አልፎ ለቅሶው ጸጥ እስኪል ከእሜቴ ጋር ውስጥ ይቀመጣሉ። በአገራቸው ሬሳ በደጅ ሲያልፍ በርና መጋረጃ መዝጋት ትልቅ ክብር ነው። በእኛ አገር ግን ሬሳ ሲያልፍ በሩን የሚዘጋ ደመኛ ብቻ ነው።

ነግሬያቸው ነበር። ቅጥሩ ውስጥ ባይገቡም ከሐዘንተኛው ቤት ሄዶ መቀመጥ እንደሚቻል ነገርኳቸው። እሜቴ የያዙትን ፋሻ አስቀምጠው “እንሂድ” አሉ። ጌታው ግን “ከበር መልሰውናል። ሳይጠሩን ቤታቸው ብንገባ ማስቸገር ነው” አሉ። ለቅሶ ቤት ሰው አይጠራም፤ ራሱ ይሄዳል እንጂ ብል፣ ያልተጠራ ሰው በምን ፊቱ እንደሚሄድ ሊገባቸው አልቻለም። እሜቴ የዚያን ቀን ሻይ አላፈሉም።

እኛ ዘንድ ቅሬ የሚባል ማኅበር አለ። የቅሬው ሰዎች አብረው ይቀብራሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ፤ ሰው ሲታመምም በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ ያደርሱታል። ቃሬዛው ሁለት ረጃጅም እንጨት ነው፤ መሐሉ በጠፍር የተወጠረ። ከቅሬው ዳኛ ቤት ጣሪያ ሥር ይሰቀላል፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ አይወርድም። ዳኛው ረጅምና ንግግር የማያበዙ ገበሬ ነበሩ።

በሦስተኛው ዓመት ኅዳር ላይ የዳኛው ልጅ በንዳድ ወደቀ። ሠርጉ የተቃረበ ጎልማሳ ነበር። እሜቴ ከራስጌው አልተለዩም፤ ጌታውም ውሃ እያቀረቡ አብረዋቸው ነበሩ። ሲሞት ዓይኑን የከደኑት እሜቴ ናቸው። በማግስቱ ግን ሬሳው በደጃቸው ሲያልፍ በሩ ተዘግቶ ነበር። እኔ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ ዳኛው ወደዚያ በር ሲያዩ አየኋቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ሜዳው ማዞር ጀመሩ።

እሜቴ የታመሙት በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ነው። ቁስል እያጠቡ ሳሉ ሆዳቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። በማግስቱ ከአልጋ አልተነሡም። ሆዳቸው ተወጥሮ እንደ ከበሮ ሆነ፤ የጠጡት ውሃ እንኳ ይመለሳል። ነርስ ናቸውና ሕመማቸውን ያውቁታል። እኔን ጠርተው፣ ጌታው እንዳይሰሙ ብለው በአማርኛ፣ የሌላ ሰው ሕመም የሚያስረዱ መስለው ነገሩኝ።

“አንጀቴ ታንቋል። ሆዴ መቀደድ አለበት። ጎንደር ሆስፒታል ቶሎ ከደረስኩ እድን ይሆናል። እዚህ ከቆየሁ እሞታለሁ።”

ጌታው በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። አማርኛው ከእሳቸው ይልቅ ለጌታው እንደሚገባቸው እሜቴ ረስተውት ነበር።

ከቁሐር ሚካኤል የጎንደር መኪና እስከሚያልፍባት ከተማ እስከ ወረታ በበጋ ቀላል መንገድ ነው። በነሐሴ ግን ሜዳው ሐይቅ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር እግር ይዞ አይለቅም። በቅሎ ይሰምጣል። ታንኳም የሚሄደው ከጥልቁ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላው ሣርና ጭቃ ነው። በሽተኛ የሚሻገረው በሰው ትከሻ ነው፤ ያም እየተፈራረቀ የሚሸከም ብዙ ሰው ሲገኝ።

ጌታው መጀመሪያ ማንንም ሳያስቸግሩ ሊሞክሩ ወሰኑ። አልጋውን ከነፍራሹ በገመድ አሰርነው፤ ታላቅ ወንድሜ ከፊት፣ እኔና ጌታው ከኋላ ያዝን። ከጉብታው ወርደን ብዙም ሳንርቅ የጌታው አንድ እግር ጭቃ ውስጥ ቀረ። አልጋው አዘመመ። እሜቴ ወደ ውሃው ሊንሸራተቱ ሲሉ ወንድሜ በደረቱ ደገፈው። እሜቴ አልጮሁም፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ደም አወጡት። ተመለስን። ጌታው የእሜቴን ሽበት በፎጣ እያደረቁ አንዲት ቃል ይደጋግሙ ነበር። በእኛ “ማሪኝ” ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት ዞርን። አንዱ “ወንዶቹ ከብት ይዘው ደጋ ወጥተዋል” አለን፤ እውነቱን ነው፣ ሜዳው ሲጥለቀለቅ ከብት ወደ ከፍታው ይወጣል። አንዲት ሴት “ወንዛዬ ፍል ውሃ ቢወስዷቸውስ?” አለች፤ ወንዛዬ ከወረታም ይርቃል። ሌላዋ “እሜቴን ይማርልን” ብላ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች፤ ባሏ ግን ከውስጥ አልወጣም፤ ሲስል እንሰማዋለን። ሁሉም በመጨረሻው “ዳኛውን አነጋግሩ” አሉ።

ጌታው ውሃ ውስጥ ቆመው “ለምን ሁሉም ዳኛውን ይላሉ?” ብለው ጠየቁኝ።

ያን ጊዜ ምንም ሳላለዝብ ነገርኳቸው። የኅዳሩን በር ነገርኳቸው፤ ከዚያ በፊት የተዘጋባቸውን ሬሳዎች ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጌታው በጣታቸው ሊቆጥሩ ጀምረው ተዉት።

“ክብር ነበር” አሉኝ በቋንቋቸው።

“አውቃለሁ” አልኩ።

ዳኛው ቤት ስንደርስ መደብ ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። አጠገባቸው ጥሩንባ ነፊው አለ፤ አገሩ ሁሉ በቀልዱ የሚያውቀው አጭር ሰው ነው። ዳኛው “ግቡ” አሉ፤ ግን አልተነሡም። ለሽማግሌ ከመቀመጫ አለመነሣት ምን ማለት እንደሆነ ጌታውም ያውቁታል።

“ሚስቴ ትሞታለች” አሉ ጌታው በአማርኛ። “ቃሬዛ፣ እባክዎ።”

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። “ምን አሉ?”

“የሰሙትን ነው፣ አባቴ” አልኩ።

ገመዱን ሁለት ሦስት ጊዜ አጠነከሩት። “ቃሬዛው የቅሬው ነው። ቅሬው የሚሸከመው አብሮት ያለቀሰውን ነው። ልጄን ከዚህ ቤት አውጥቼ በእርስዎ ደጅ ነው ያለፍኩት። በሩ ዝግ፣ መስኮቱ ዝግ። ውሻ እንኳ ይጮሃል፣ ጌታው።”

“አገራቸው ሰው አይሞት እንደሆነ እንጃ” አለ ጥሩንባ ነፊው።

“አንተ ዝም በል” አሉት ዳኛው።

ጌታው ቃል ፍለጋ እጃቸውን አወራጩ። “ቄሱ ከበር መለሱኝ። አይገባም አሉኝ። እኔ አከበርኩ። መዝጋት ማክበር ነው ብዬ።”

“እሱ የቤተ ክርስቲያን በር ነው” አሉ ዳኛው። “ከእኔ ቤት በር ማን መለሰዎት?”

ይህን መተርጎም አላስፈለገኝም። ዝናቡ ሣር ክዳኑን ሲመታ ይሰማል። ከጓዳ የዳኛው ሚስት ወጡ፤ ገና ከል እንደለበሱ ነበሩ። ምሰሶውን ተደግፈው ቆሙ።

ጌታው ኮፍያቸውን አወለቁ። መሬት ላይ፣ እንደምንም ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ቁልቁል እያዩ፣ በተሰባበረ አማርኛ መናገር ጀመሩ።

“ልጅዎን ውሃ ሰጠሁት። እሱ ‘መጀመሪያ እርስዎ ይጠጡ’ አለኝ። በጣም ትኩሳት ነበር። እኔ ጠጣሁ። ከዚያ እሱ ጠጣ። ‘በሬው ገባ?’ አለኝ። እኔ በሬውን አላውቅም። ‘ገባ’ አልኩት። ዋሸሁ። እሱ ተኛ። ሌላ አልተናገረም።”

ዳኛው ገመዱን ለቀቁት።

“በሬው ገብቶ ነበር” አሉ በቀስታ። “እኔ ነኝ ያስገባሁት።”

እናትየው ደረታቸውን መቱ። የልጃቸውን ስም እየጠሩ፣ ውሃውን ከማን እጅ እንደጠጣ እየደረደሩ አለቀሱ። ጌታውም አለቀሱ፤ ድምፅ አውጥተው፣ ትከሻቸው እየተናወጠ። ለዚያ ልጅ ይሁን፣ ጉብታው ላይ ለተኙት እሜቴ ይሁን፣ አላውቅም። ዳኛው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ለቅሶ ሊደርስ የገባ ሰው ጉዳይ አይጠይቅም። የቤቱን እህል ውሃ ሳይቀምስም አይወጣም። እናትየው እንባቸውን ሳይጠርጉ ንፍሮና ጠላ አቀረቡ። የጌታው ቤተ ክርስቲያን ጠላ ትከለክላለች፤ እኛ ጋ ከመጡ ጀምሮ ቀምሰው አያውቁም። ዋንጫውን ተቀብለው እስከ ጭላጩ ጠጡት። ንፍሮውን አንድ በአንድ ዋጡት። ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር። ውጭ ቀኑ እያጋደለ ነው። እሜቴ ብቻቸውን ከወንድሜ ጋር ናቸው። ጌታው ግን ቃሬዛ የሚለውን ቃል ሁለተኛ አላነሡም።

ዳኛው ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጡና ተነሡ። ጥሩንባ ነፊውን “ምን ታፈጣለህ? ንፋው እንጂ!” ብለው ጮኹበት። ቃሬዛውን በእጃቸው አወረዱት።

ሰው ከየጉብታው ወጣ። ደጋ ያልወጡ ሽማግሌዎች፣ ጎረምሶች፣ ራሱን አሞት በሻሽ አስሮ ተኝቶ የነበረ አንድ ዲያቆን ሳይቀር መጣ። ሲስል የሰማነው ሰውዬም ሱሪውን ጠቅልሎ ደረሰ። እሜቴን በቁርበት ላይ አስተኝተን፣ ከላይ በሸራ ሸፍነን ወጣን። ውሃው መጀመሪያ ጉልበት ነው፤ ቀጥሎ ጭን፤ ቀጥሎ ወገብ። አራት ሰው ሲሸከም ሌላ አራት ከጎን እየሄደ ይጠብቃል፤ አንዱ ሲደክም ሳይቆም ትከሻውን ያወጣል፣ ሌላው ይገባል። ጌታው ጥቁር ጃንጥላ በእሜቴ ፊት ላይ ዘርግተው ከጎን ይሄዳሉ። አንድ ቦት ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቀርቶ አንድ እግራቸው ባዶ ነበር።

ጥሩንባ ነፊው ከፊት በኩል ገብቶ ነበር። “እሜቴ” አለ እያለከለከ፣ “ያቺን ክፉ መርፌ የወጉኝ ጊዜ አስለቅሰውኛል። ብድሬን የምመልስበት ቀን ዛሬ ነው፤ ቀስ አድርጌ እንዳራግፍዎ።”

እሜቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ “ፈሪ” አሉት።

“ሰማችሁ? ሰደቡኝ! ይድናሉ!” አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ዳኛው አልሳቁም፤ ትከሻቸውን ካስገቡ ጀምሮ ሌላ ሰው እንዲቀይራቸው እምቢ ብለው ነበር።

ከጥልቁ ቦታ ላይ ቃሬዛውን በሁለት ታንኳ ላይ አጋድመን፣ እኛ በዋና ገፋነው። ማዶ ስንወጣ እሜቴ ማቃሰታቸውን ተዉ። ሕመሙ የተዋቸው መስሎን ደስ አለን። ጌታው ግን ደስ አላላቸውም። እሳቸውና እሜቴ የዚያን ዝምታ ትርጉም ያውቁ ነበር፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ።

ወረታ የመኪናው መንገድ ዳር ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነው። ወደ ጎንደር የሚሄድ የጭነት መኪና እስኪመጣ ቃሬዛውን መሬት ላይ ሳናሳርፍ ጠበቅን፤ በሽተኛ መንገድ ዳር ማሳረፍ አይወደድም። መኪና ሲመጣ ዳኛው መሐል መንገድ ላይ ቆመው አስቆሙት። እሜቴን ከእህል ጆንያ ላይ አስተኛናቸው። ጌታው ወጥተው የእሜቴን ራስ ከጭናቸው ላይ አስደገፉት። እሜቴ በጣታቸው ጠሩኝ። “የዓይኑ ቅባት ከላይኛው መደርደሪያ ነው” አሉኝ። “ጠዋት ጠዋት በሩን ክፈት።”

ከፈትኩ። ጳጉሜ አለፈ፣ መስከረም አለፈ፣ ወሬ አልነበረም። የማውቀውን ቁስል አጠብኩ፤ የማላውቀውን መለስኩ። ሰው ለዓይኑ መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው “እሜቴ ደህና ናቸው?” ብሎ ነበር። ዳኛው በየሳምንቱ አጥሩ ድረስ መጥተው ሳይገቡ ይመለሱ ነበር።

ጥቅምት ላይ ውሃው ሸሸ። ሰዉ እርጥቡ ጭቃ ላይ ጓያ ሲዘራ፣ በወረታ በኩል አንድ ሰው ብቻውን ሲመጣ አየሁ። አረማመዱን ለየሁት። ወደ ቤቱ ይመጣሉ ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ፤ እሳቸው ግን ወደ ዳኛው ቤት ታጠፉ። ሮጬ ስደርስ ከደጃፉ ላይ፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ዳኛው ወጥተው አዩአቸው፤ ራሳቸውን ያዙ። ጥሩንባው ለሞት እንደሚነፋው ተነፋ።

እሜቴ ጎንደር በደረሱ ማግስት ሞቱ። ሐኪሞቹ ሆዳቸውን ከፍተው ምንም ሳያደርጉ መልሰው ሰፉት፤ አንጀቱ በስብሶ ነበር። “አንድ ቀን ቢቀድም” ብለዋቸዋል። የተቀበሩት እዚያው፣ የውጭ አገር ሰዎች ከሚቀበሩበት ነው። ቀባሪው ጌታውና አንድ የሆስፒታል ዘበኛ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናቸው ወዲያው ወደ አገራቸው እንዲመለሱ አዛቸዋለች። ጌታው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ትእዛዝ ጣሱ፤ ውሃው እስኪሸሽ ጠብቀው ወደ እኛ መጡ። “እዚያ ማንም አላለቀሰላትም” አሉኝ።

ቤታቸው ሲገቡ የሠሩትን አየሁ። ከመሣሪያ ሣጥናቸው ካቻቪቴ አወጡ። የበሩን ማጠፊያ ብሎን አንድ በአንድ ፈተው፣ በሩን ነቅለው ከግድግዳው ጋር አስደገፉት። ብሎኖቹን ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጡ። ከዚያ ከአልጋቸው ትይዩ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ሰው መጣ። ውሃ ውስጥ የተሸከመውም፣ ያልተሸከመውም። ወረታ ያለው የሱቅ ባለቤት፣ ከአንበሳሜ ገበያ የሚመለሱ ነጋዴዎች፣ ያን ጊዜ ከአሮጊቷ ኋላ የተቀመጡት ባላባት መጡ። አሮጊቷም መጣች፤ ባላባቱ ለእሷ ተነሥተው ቦታ ለቀቁላት። እያንዳንዱ “እግዜር ያጥናዎ” ብሎ ይቀመጣል። ጌታው መልሱን አስተምሬያቸው ነበር፤ ሁሌም ትንሽ ዘግይተው ይመልሱ ነበር። ያኔ በከል የነበሩት እናት እሜቴን እንደ ገዛ እህታቸው አለቀሷቸው። ጥሩንባ ነፊው ቀልድ ጀምሮ ሳይጨርሰው ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ቆመ።

በመጨረሻው ቀን ሰው ከተበተነ በኋላ ዳኛው ቀሩ። ከጌታው ጎን ተቀምጠው፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ “ጠይቅልኝ” አሉኝ። “ሐኪሞቹ እሜቴ ዘግይተው ደረሱ ብለዋል ወይ? እኔ ገመድ እየገመድኩ ያስቀመጥኳቸው ጊዜ ነው ወይ?”

ጌታው ተረድተውታል። ግን ዳኛው ከእኔ እንዲሰሙ ፈልገው ይመስለኛል፣ በቋንቋቸው መለሱልኝ። “አልዘገየችም በለው። በሽታው ከባድ ነበር በለው። ሌላ አትጨምር።”

እንዳሉኝ ተረጎምኩ። አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ዳኛው ዓይናቸውን ወደ ተነቀለው በር አዞሩ። “ለልጄም በሬው ገባ ብለውታል” አሉ። ከዚያ ተነሥተው ጎንበስ ብለው የጌታውን ጉልበት ነኩና ወጡ።

ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሄዱ፣ ወረታ መኪናውን ስንጠብቅ ደግሞ ጌታው ጠየቁኝ። ከመጀመሪያው ለቅሶ ጀምሮ ቢገቡ ኖሮ፣ እሜቴ በታመሙበት ቀን ይሻገሩ ነበር ወይ? እኔ ለውሸት የሚሆን ቃል በሁለቱም ቋንቋ ፈለግኩ። አላገኘሁም። እሳቸውም መልሱን ሳይጠብቁ ጆንያዎቹ ላይ ወጡ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

መድኃኒቱ በጥር አለቀ። ቤቱ በር የለውም፤ ብሎኖቹ ቆርቆሮው ውስጥ አሉ። ዳኛው ቃሬዛውን ከጣሪያቸው ሥር አውርደው በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከመንገዱ በኩል ሰቀሉት፤ የታመመበት ሁሉ፣ ያለቀሰም ያላለቀሰም፣ ሳያስፈቅድ እንዲወስደው ብለው ቅሬውን አስማሉ።

መጀመሪያ የወሰደው ጥሩንባ ነፊው ነው። በተከታዩ ክረምት እናቱ ደም አስታወካቸው። ማንንም ሳይጠይቅ አወረደው፤ እኛም ጥሩንባውን ሳንጠብቅ ወጣን። ውሃው ከጌታው እንጨት ላይ ከመጨረሻው ጥርስ አልፎ ነበር። በመንገድ ላይ አንድም ቀልድ አልቀለደም። ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ሳለች ወረታ ደረስን፤ እንዲህ ፈጥነን ተሻግረን አናውቅም።

መኪና አልነበረም። ቃሬዛውን ሳናሳርፍ፣ እየተፈራረቅን፣ መንገዱን እያየን ቆምን።